«ዝርያ»፣ «ሞክሼ» እና «ቤት»፡- የጓሮ ቲማቲምን ለማነጻጸር ስለሚያስፈልጉን ስያሜዎች

የሙያ ቃል ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጉባኤ ላይ ሳይሆን ቃሉ ሥራ ላይ በዋለበት ቦታ ነው። ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመለስንበት ጊዜ ያጋጠመን ጉዳይ ይህን የሚያስረዳ በመሆኑ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ አድርገነዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፉ የኖሩ የቲማቲም ዘሮችን በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተክሎ ስለ ማነጻጸር የሚናገር ምዕራፍ ነበረ። እንግሊዝኛው በዚህ ምዕራፍ «ስፒሽስ»፣ «ቫራይቲ» እና «ስትሬይን» የሚሉ ሦስት ቃላትን ለያይቶ ሲጠቀም፣ እኛ ሦስቱንም «ዝርያ» ብለን አለፍናቸው። በጊዜው ስሕተት መሥራታችን አልተሰማንም፤ ዐረፍተ ነገሩ ይነበባል፣ አማርኛውም አይጎረብጥም ነበር።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ በአሜሪካ በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ደብዳቤ ጻፉልን። በጓሯቸው ከጎመኑና ከቃሪያው አጠገብ በመጽሐፉ ከተጠቀሱት ቲማቲሞች ሁለቱን ተክለዋል። በትምህርት ቤት ልዩ ልዩ ዝርያዎች እርስ በርሳቸው እንደማይዳቀሉ ተምረዋል፤ እኛም ሁለቱን ቲማቲሞች «ልዩ ልዩ ዝርያዎች» ብለን ጽፈናል። ስለዚህ በመካከላቸው ከአንድ ክንድ ያልበለጠ ርቀት ትተው ተከሏቸው፤ ከፍሬውም ለከርሞ ዘር አስቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከአንዱ ዘር ከበቀሉት ችግኞች መካከል ጥቂቶቹ የእናታቸውን ቅጠል ሳይመስሉ ቀሩ። «ወይ የተማርነው ትምህርት ተሳስቷል፣ ወይ መጽሐፋችሁ» የሚለው የደብዳቤው ቃል እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ። የተሳሳተው ትምህርቱ አልነበረም።

የነገሩን ፍሬ ለማግኘት በመጀመሪያ የተተከለው ምን እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም «ብራንዲዋይን» የሚባሉ ናቸው። (ይህን ስም «የብራንዲ ወይን» ብሎ የሚተረጉም ቢኖር አይፍረድበት፤ ነገር ግን ስሙ በፔንሲልቬንያና በዴላዌር የሚፈስ የወንዝ ስም እንጂ የመጠጥ ስም ባለመሆኑ አይተረጎምም።) አንደኛው ፍሬው ሮዝ፣ ቅጠሉም የድንች ቅጠል የሚመስል፣ ማለትም ጠርዙ ያልተጠረሰ ሰፊ ቅጠል ያለው ነው። ሁለተኛው ፍሬው ቀይ፣ ቅጠሉም እንደ አብዛኛው ቲማቲም ጠርዙ የተጠራረሰ ነው። የድንች ቅጠልነት ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ በስተቀር የማይታይ ባሕርይ ነው። በመሆኑም ድንች ቅጠሉ ተክል ከጥርሳሙ የአበባ ብናኝ ተቀብሎ ከሆነ፣ የሚወለደው ችግኝ ጥርሳም ቅጠል ይዞ ይወጣል፤ ፍሬ እስኪያፈራ መጠበቅ ሳያስፈልግ ገና በችግኝ መደብ ላይ ሳለ ይታወቃል። አንባቢያችን ያዩት ይህንኑ ነው።

ቲማቲም በተፈጥሮው በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚራባ ተክል ነው። የአበባው ወንዴ ክፍሎች ተጋጥመው ሴቴውን ክፍል እንደ ጎጆ ክዳን ስለሚሸፍኑት የሌላ ተክል ብናኝ በቀላሉ አይደርሰውም። ይሁን እንጂ ትልልቅ ፍሬ በሚያፈሩት በብዙዎቹ የጥንት ቲማቲሞች ዘንድ የሴቴው ጫፍ ከክዳኑ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ያን ጊዜ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት የጎረቤቱን ብናኝ ሊያደርሱበት ይችላሉ። ስለዚህ ዘር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው አበባው ከመከፈቱ በፊት በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኖ ማቆየት፣ ፍሬው ሲቋጠርም ያን ዘለላ በክር ምልክት ማድረግ አለበት። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን ምክር ይሰጥ ነበር። አንባቢያችን ግን «ዝርያ» የሚለውን ቃል አምነው ምክሩ እኔን አይመለከትም አሉ። አንድ ቃል የአንድ ዓመት ዘር አበላሸ ማለት ነው።

«ዝርያ» ዛሬ የተሸከመው ሸክም ከአንድ ቃል አቅም በላይ ነው። በሥነ ሕይወት ስያሜዎች ቅደም ተከተል ውስጥ «አስተኔ»፣ «ወገን»፣ «ዝርያ» በሚለው ተራ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ «ስፒሽስ»ን ይተካል። በዚህ ፍቺ ቲማቲም ሁሉ፣ ከጣት ጫፍ ከማትበልጠው እስከ ግማሽ ኪሎ የሚመዝነው ድረስ፣ አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ከድንች ጋር በአንድ ወገን ውስጥ የመደበው፣ ሚለር በ1768 ለብቻው ያወጣው፣ በኋላም የዘረመል ጥናት ወደ ድንች ወገን የመለሰው ያ አንድ ዝርያ ነው። በግብርና ግን «ዝርያ» የሚባለው ተመራምረው ያወጡት፣ ስም የሰጡት፣ ለገበሬ የሚያከፋፍሉት የሰብል ዐይነት ነው፤ በመልካሳ የምርምር ማዕከል የወጡት «መልካ ሾላ» እና «መልካ ሳልሳ» ሁለት የቲማቲም ዝርያዎች ይባላሉ፤ ማንም አይሳሳትም። ከብት አርቢው ደግሞ በዚሁ ቃል የከብቱን የትውልድ ወገን ይጠራበታል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህም ዜና አቅራቢዎች በየጊዜው ብቅ ያለውን የኮሮና ቫይረስ ሁሉ «አዲስ ዝርያ» ሲሉት ሰንብተዋል። እያንዳንዱ አጠቃቀም በየመስኩ ሲታይ ስሕተት የለበትም። አደጋው የሚመጣው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ፍቺዎች በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ነው፤ የጓሮ ንጽጽር ደግሞ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ የሚያገናኝ ርእሰ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛውም ንጹሕ አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1923 «ካልቲቫር» የሚለውን ቃል የፈጠረው «ቫራይቲ» የሚለው ቃል በዱርም በእርሻም እየዋለ ስላስቸገረ ነበር። በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የለሙ ዕፅዋት የስያሜ ደንብም ይህን ቃል ተቀብሎታል፤ በኋላ በወጡት እትሞቹም «ስትሬይን» የሚለው ቃል በካልቲቫር ቦታ እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ «ስትሬይን» በደንቡ መዝገብ ወንበር የሌለው፣ በጓሮ ሰዎችና በዘር ለዋዋጮች አፍ ብቻ የሚኖር ቃል ነው። ለተርጓሚው ቀላል አይደለም፤ ሊቃውንቱ ፍቺ ያልሰጡትን ቃል ፍቺውን ከአጠቃቀሙ መልቀም ይኖርበታልና።

ከአጠቃቀሙ ስንለቅም ያገኘነው ይህ ነው። የሮዙ ብራንዲዋይን ታሪክ እንደሚለው ዘሩን በቴኔሲ የሚኖር ሳዱት የሚባል ቤተ ሰብ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያበቅለው ኖረ። ከዚያ ቤተ ሰብ የተወለዱት ዶሪስ ሳዱት ሂል ለኦሃዮው አዛውንት ዘር ጠባቂ ለቤን ኩዊዘንበሪ ሰጧቸው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኩዊዘንበሪ እጅ በ1975 ወደ ተመሠረተው የዘር ጠባቂዎች ማኅበር፣ ወደ ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ ጓሮ ተዘርቷል። ሆኖም በየጓሮው ለዘር የሚመረጠው ፍሬ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ ቀድሞ የቀላውን፣ ሌላው ትልቁን፣ ሦስተኛው ያልተሰነጠቀውን እየመረጠ ለዘር ሲያስቀር፣ አንዳንዱም ሳያውቅ የጎረቤት ብናኝ ሲያስገባ፣ ከዓመታት በኋላ በአንድ ስም የሚጠሩ ነገር ግን በመጠኑ የሚለያዩ ዘሮች ተገኙ። የአሜሪካ አትክልተኞች «የሳዱት ስትሬይን» ሲሉ ብራንዲዋይን ሆኖ በዚያ ቤተ ሰብ መንገድ የመጣውን ማለታቸው ነው። (ስሙ የሚያልቅበት ድምፅ በአማርኛ የለም፤ እኛ በ«ት» ጽፈነዋል። አንድ ባልደረባችን «ሰደት» ብሎ ጽፎት ስለ ነበር አራሚው «ስደት» ብሎ አርሞት ኖሯል፤ ለተሰደደ ዘር የማይገባ ስም አይደለም፣ ግን ትክክል አይደለም።)

ቀዩ ብራንዲዋይን ግን ሌላ ነው። «ብራንዲዋይን» የሚለውን ስም የፊላደልፍያ ዘር ሻጮች ጆንሰንና ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1889 በዘር ዝርዝራቸው አውጥተውት ነበር፤ ዛሬ ሮዝና ድንች ቅጠል የሆነው ከዚያኛው ጋር ያለው ዝምድና አከራካሪ ነው። ሁለቱ በቅጠል፣ በቀለም፣ በጣዕምም የተለያዩ ሲሆኑ የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው። እኛ የተረጎምነው መጽሐፍ ግን ቀዩንም ሮዙንም «ስትሬይን» ብሏቸው ነበር። ስለዚህ የእኛ ስሕተት በሌላ ስሕተት ላይ የተደረበ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን የምንለው ራሳችንን ለማዳን አይደለም፤ ተርጓሚው የምንጩን ቃል ከመተካቱ በፊት ቃሉ የተባለበትን ነገር ማየት እንዳለበት ለማስታወስ ነው።

ለዚህ ዐይነቱ የስም መገጣጠም አማርኛ ብዙ ቋንቋዎች የሚመኙት ቃል አለው። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሲኖራቸው «ሞክሼ» ይባባላሉ፤ የፊደል ምሁራንም በድምፅ የገጠሙትን ፊደላት «ሞክሼ ፊደላት» ይሏቸዋል። ቀዩና ሮዙ ብራንዲዋይን ሞክሼዎች ናቸው። «ሞርጌጅ ሊፍተር» የተባለው ታዋቂ ቲማቲም ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ በሎጋን ከተማ የመኪና ራዲያተር ጠጋኝ የነበረው ባይልስ በ1940ዎቹ ራሱ ያዳቀለውን ቲማቲም ችግኝ አንዱን በአንድ ዶላር እየሸጠ 6,000 ዶላር የቤት ዕዳውን በስድስት ዓመት እንደ ከፈለበት ይነገራል። በዚያው ክፍለ ግዛት ደግሞ ከባይልስ ዘር ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በኤስትለር ስም የሚታወቅ ሌላ ሞርጌጅ ሊፍተር አለ። እነዚህን ሁለቱን «የአንድ ዝርያ ሁለት ስትሬይኖች» ብሎ ማነጻጸር ሁለት ዓለሙዎችን አንድ ሰው አድርጎ የመቁጠር ያህል ነው። ሞክሼዎች ይነጻጸራሉ፤ የንጽጽሩ ጥያቄ ግን «የትኛው ይሻላል» ነው እንጂ «የትኛው ከመነሻው ፈቀቅ አለ» አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ። ሞክሼ ያልሆነው፣ በእርግጥ አንድ ሆኖ በጠባቂዎቹ እጅ የተለያየው ምን ይባል? ካሰብናቸው ቃላት መካከል «ንኡስ ዝርያ» የመጀመሪያው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል በሥነ ሕይወት ቅደም ተከተል ከዝርያ በታች ያለውን ደረጃ ስለያዘ አይለቀቅም። «መስመር» በማዳቀል ሥራ ላይ ያሉት ባለሙያዎች ለተጣራ የትውልድ ሰልፍ የሚጠቀሙበት ነው፤ የጓሮው ዘር ደግሞ የተጣራ ለመሆኑ ማንም አልመሰከረለትም። «ዘር» ብቻውን ከሆነ ፍሬውን ይሁን ወገኑን አይለይም፤ «ሁለት ዘር ተከልን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍሬ ይሁን ሁለት ወገን አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ልባችን ያረፈበት «ሐረግ» ነበር። «የዘር ሐረግ» ሲባል ሁሉም ይገባዋል፤ ቃሉም ያምራል። ይሁን እንጂ ስለሚሳብና በድጋፍ እንጨት ላይ ስለሚታሰር ተክል በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ «ሁለት ሐረጎችን ለይታችሁ እሰሩ» ቢባል አትክልተኛው የሚያስረው የተክሉን ሐረግ ነው። ምሳሌውን በማሰብ ብቻ ቃሉን በሐዘን ተውነው።

መልሱ የተገኘው ከአትክልት ቦታ ሳይሆን ከአብነት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ዜማ በልዩ ልዩ መምህራን ሲወርድ ሲዋረድ ሲመጣ እያንዳንዱ መንገድ «ቤት» ይባላል። የመጻሕፍት ትርጓሜ የላይ ቤትና የታች ቤት አለው፤ ድጓውን የቤተ ልሔም ቤትም የአጫብር ቤትም ያዜመዋል፤ የቅኔ ተማሪም «የዋሸራ ቤት ነኝ»፣ «የጎንጅ ቤት ነኝ» ይላል። የሚማሩት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የትኛውም ቤት ሌላ መጽሐፍ አለኝ አይልም። የሚለያየው ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የተቀበለበት መንገድ፣ በመንገዱም ላይ የተጨመረውና የቀረው ነው። ከዚህ የበለጠ ለ«ስትሬይን» የሚቀርብ ቃል አላገኘንም። በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ የሠራ አንባቢ ተመሳሳይነቱን ወዲያው ያስተውላል። አንድ ድርሰት በልዩ ልዩ ገዳማት ሲገለበጥ ጸሐፊው ቃል ይዘላል፣ ያልገባውን ያቀናል፣ ከጎረቤት ቅጂ ያስገባል፤ ዘር አስቀማጩም እንዲሁ ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ባለማወቅም ያቀላቅላል። ከብዙ ትውልድ በኋላ ሁለቱን ቅጂዎች አጠገብ ለአጠገብ የሚዘረጋ ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ሁለት የቲማቲም ቤቶችን ጎን ለጎን የሚተክል ሰውም ይጠይቃል።

«ቤት» ተቃውሞ እንደሚያስነሣ አናጣውም። «ችግኝ ቤት»፣ «የዘር ቤት»፣ «የመስታወት ቤት» የሚሉት ሁሉ መጠለያን ያመለክታሉ። ስለዚህ «የዘር ቤት» ብለን ልንሠይም አንችልም፤ አንባቢው የዘር መሸጫ ሱቅ ይመስለዋል። በግእዙ ስልት «ቤተ ዘር» ማለትም ከ«ቤተ መጻሕፍት» ጋር ስለሚመሳሰል ጎተራ ያደርገዋል። የእኛ ሐሳብ ቃሉ እንደ አብነቱ ልማድ ከስም በኋላ ወይም በቁጥር ብቻ እንዲገባ ነው፡- «ብራንዲዋይን፣ ሳዱት ቤት»፤ «ይህ ዝርያ ስንት ቤት አለው?»፤ «ሦስቱ ቤቶች በቅጠል አይለያዩም»። በእንዲህ ያለ አገባብ መጠለያ የሚመስለው አንባቢ አይገኝም። ለቫይረስ ግን ቃሉን አንመክርም። ቫይረስን በእጁ ተቀብሎ ለልጁ የሚያወርስ ጠባቂ የለም፤ የእንግሊዝኛው አንድ ቃል በአማርኛ ሁለት ቢሆን ጉዳት የለውም።

ስያሜው ከተለየ በኋላ ንጽጽሩ ራሱ ምን እንደሚፈልግ በግልጽ መጻፍ ይቻላል። አንድ እግር ከአንዱ ቤት፣ አንድ እግር ከሌላው ተክሎ «የሳዱት ቤት ይጣፍጣል» ማለት ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ አንዱ ተክል መመስከር ነው። ከእያንዳንዱ ቤት አምስት ወይም ስድስት እግር ቢተከል፣ ያውም አንደኛው ቤት ሁሉ በጥላው በኩል እንዳይውል ተራ በተራ ቢቀላቀል፣ ዘሩ በአንድ ቀን ቢዘራ፣ ውኃውም ፍጉም እኩል ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከአፈር ወይም ከጥላ ሳይሆን ከዘሩ የመጣ ለመሆኑ ምክንያት ይኖራል። ጣዕሙንም የሚቀምሱት ሰዎች ስሙን ሳያውቁ በቁጥር ብቻ ቢቀርብላቸው ይሻላል። ዝናው የተነገረለት ፍሬ ሁልጊዜ ይጣፍጣልና።

በዚህ ክፍል ተርጓሚውን የሚያጠምዱ ወጥመዶች ጥቂት አይደሉም። በአሜሪካ የዘር ዝርዝሮች «90 ቀን» ተብሎ የሚጻፈው ቲማቲም ከዘር የሚቆጠር አይደለም፤ ችግኙ ወደ መደብ ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ነው። ችግኙ ቀደም ብሎ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ስለሚያድግ እውነተኛው ጊዜ ከ130 ቀን በላይ ይሆናል። «ከተዘራ በ90 ቀን ይደርሳል» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ከአንድ ወር በላይ ይዋሸዋል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ቀይ የሚባለውና ሮዝ የሚባለው ፍሬ ውስጡ ያው ቀይ ነው፤ ልዩነቱ በልጣጩ ላይ ነው። ልጣጩ ቢጫ ከሆነ ፍሬው ቀይ፣ ልጣጩ ቀለም የለሽ ከሆነ ሮዝ መስሎ ይታያል። ስለዚህ «ሥጋው ሮዝ የሆነ ቲማቲም» የሚል ትርጉም በጓሮ ውስጥ የሌለ ነገር ይፈጥራል። «የተወሰነ» እና «ያልተወሰነ» ተብለው የተተረጎሙት ሁለት የአስተዳደግ ዐይነቶች ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግሩትም፤ «ቁመቱ የሚቆም» እና «ማደጉን የማይተው» ቢባሉ ያለ ማብራሪያ ይገባሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን በግልጽ አየር በራሱ ተራብቶ ዘሩ እናቱን የሚመስለውን ተክል «በግልጽ የተዳቀለ» ማለት ነው። ይህ የምንጩን ሐሳብ ይገለብጠዋል፤ የሚነገረው ስለ አለመዳቀሉ ነበርና። «ዘሩ የማይለውጥ» እንድንል እንመክራለን። ለመጀመሪያው ትውልድ ድቅል «ድቅል» የሚለው በበቆሎ ሥራ ላይ ተለምዷል፤ ይበቃል። «ዲቃላ» ግን በሰው ላይ የሚወርድ ስድብ ስለ ሆነ ከመጽሐፍ ገጽ ቢርቅ ይሻላል።

እነዚህን በቤተ ሰብ የሚተላለፉ ዘሮች በጅምላ የሚጠራው «ኤርሉም» የተባለው ቃል ሌላ ክርክር ያስነሣል። አንዳንዶች ዕድሜን መለኪያ አድርገው ሃምሳ ዓመት ይሞላው ይላሉ፤ ሌሎች በ1940ዎቹ ድቅል ዘር ገበያውን ከመያዙ በፊት የነበረ ይሁን ይላሉ። እኛ የዕድሜውን መለኪያ አንቀበልም። ቶም ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው አረንጓዴና ቢጫ ሰንበር ያለው «ግሪን ዚብራ» ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በአንድ ሌሊት ሌላ ነገር አይሆንም። በአማርኛ «ነባር» እና «አገር በቀል» የሚሉት ቃላት በዚህ ቦታ አይገቡም፤ ቲማቲም ከአሜሪካ የመጣ፣ ስሙንም ከናዋትል በስፓኝ፣ ከዚያም በዓረብኛው «ጠማጢም» በኩል የተቀበልነው ተክል ነው፤ ትግርኛ ደግሞ በጣልያንኛው መንገድ «ኮሚደረ» ብሎታል። «ቅርስ» ሙዚየም ይሸታል፤ ቅርስ ይጠበቃል እንጂ አይበላም። «የውርስ ዝርያ» የሚለውን የመረጥነው የእንግሊዝኛው ቃልም በመነሻው የሚወረስ የቤት ዕቃ ማለት ስለ ሆነ ነው። በዘረመል ትምህርት «ውርስ» ሌላ ሥራ እንዳለው እናውቃለን፤ ሆኖም «የባሕርይ ውርስ» እና «የውርስ ዝርያ» በአገባብ ስለሚለያዩ የሚምታታ አይመስለንም።

የአገራችን ገበሬ ይህን ሁሉ ክርክር ሳያደርግ ስም ያወጣል። የወሎ ማሽላ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» ይባላል፤ በቀላሉ የሚፈተገው ገብስ «ሰነፍ ቆሎ» ይባላል። ስሙ ጣዕሙን ወይም ጥቅሙን ይናገራል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አይናገርም። ምንጩን መናገር ሲያስፈልግ «የእነ እገሌ ዘር» ይላል፤ ይህም ከ«ቤት» ጋር የሚዛመድ አነጋገር በመሆኑ ሐሳባችን ከሕዝቡ ቋንቋ እንዳልራቀ ያሳየናል።

ለቨርጂኒያው አንባቢ የጻፍንላቸው መልስ አጭር ነበር። ሁለቱ ቲማቲሞቻቸው ሞክሼዎች እንጂ በሥነ ሕይወት ፍቺ ልዩ ልዩ ዝርያዎች አለመሆናቸውን፣ ስለዚህም እንደሚዳቀሉ፣ ስሕተቱም የእኛ መሆኑን ገለጽንላቸው። የሳዱትን ቤት ለማቆየት ከፈለጉ ጥርሳም ቅጠል ያላቸውን ችግኞች እንዲነቅሉ፣ አበባውንም እንዲሸፍኑ መከርናቸው። እርሳቸው ግን ሦስቱን ድቅሎች አልነቀሏቸውም፤ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ደግመው ጠየቁን። «ኦቲቪ ብራንዲዋይን» የሚባለው ቲማቲም መነሻው እንዲሁ ያልታሰበ ድቅል እንደ ነበረ፣ ካሮሊን ሜልና ክሬግ ለሁሊየር በተከታታይ ትውልድ እየመረጡ ዘሩ የማይለውጥ እስኪሆን ካደረሱት በኋላ ስም እንደ ወጣለት ጻፍንላቸው። እስከዚያው በድጋፍ እንጨቱ ላይ «ድቅል፤ እናቱ ብራንዲዋይን፣ ሳዱት ቤት፤ 1ኛ ትውልድ» ብለው እንዲጽፉ ነገርናቸው። ሁለተኛው እትም ሲታተም ሦስተኛው ትውልድ ችግኝ ላይ ነበር።